ለአንድ ወንበር ሦስት ጊዜ የተመረጠው ሰውዬ፦ ጁሊያን ቦንድን የሚያውቅ አለ?

መንገደኛው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት እዚህ ስለ ጆን ሉዊስ፣ ስለ ጥቁሮች መብት ታጋዩና ኋላ የኮንግረስ አባል ስለሆነው ሰው፣ ብዙ ተጻፈ። ሰልፍ ላይ የተደበደበበት ድልድይ፣ ዱላው፣ ኮንግረሱ። ደስ ይላል፤ ግን አንድም ሰው ጓደኛውን አላነሳም። ጁሊያን ቦንድን ማለቴ ነው። ሉዊስ ሠላሳ ምናምን ዓመት ዋሽንግተን ተቀመጠ፤ ቦንድ ደግሞ ሃያ ዓመት የጆርጂያ ስቴት ምክር ቤት ውስጥ ተቀመጠ። የስቴት ምክር ቤት እኛ የክልል ምክር ቤት እንደምንለው ነው። አባላቱን ማንም በስም አያውቃቸውም፤ መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የሠራተኛ ሕጉንና የምርጫ ካርታውን የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው።

ከልጅነቱ ልጀምር። በ1940 ናሽቪል ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትጨቃጨቁኝ)። አባቱ ሆራስ ማን ቦንድ ምሁር ነበር፤ በፔንስልቬንያ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት። አያቱ ጄምስ ቦንድ ይባላል። አዎ፣ ጄምስ ቦንድ። ኬንታኪ ውስጥ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። ነፃነት ከመጣ በኋላ መማር ፈለገ፤ ገንዘብ ግን የለውም። ያለው አንድ ወይፈን ነው። ወይፈኑን በገመድ እየሳበ በእግሩ ኬንታኪን አቋርጦ ቤሪያ ኮሌጅ ደጅ ደረሰና ክፍያዬ ይኸው አለ። ይህን ጁሊያን ራሱ በየንግግሩ ይተርከው ነበር። እኔ ያ ወይፈን ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል።

የልጅ ልጁ ግን ያደገው መጽሐፍ በሞላበት ቤት ነው። አንስታይን በ1946 ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ያገኘው የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የተማረው ኩዌከሮች በሚያስተዳድሩት ጆርጅ ስኩል ነው። ኩዌከሮች ጦርነትን በእምነታቸው የሚቃወሙ ናቸው። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

በ1957 ቤተሰቡ አትላንታ ገባ፣ እሱም ሞርሃውስ ኮሌጅ። በ1960 መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት ፋርማሲ ቤት ቁጭ ብሎ ሳለ ሎኒ ኪንግ የሚባል ተማሪ ጋዜጣ ይዞ መጣ። የግሪንስቦሮ ልጆች ለጥቁር በተከለከለ ምግብ ቤት ገብተው ተቀምጠዋል የሚል ዜና ነው። እዚህም እንዲህ ያለ ነገር መደረግ የለበትም? አለው። ቦንድ ይደረጋል ብዬ አስባለሁ አለ፤ ሌላ ሰው ያደርገዋል ማለቱ ነው። ሎኒ ለምን እኛ አናደርገውም አለው። አለቀ። ማርች ላይ ቦንድ የከተማው አስተዳደር ካፍቴሪያ ገብቶ ታሰረ። ቀጥሎ ስኒክ የሚባለው የተማሪዎች ድርጅት ሲመሠረት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆነ። ትምህርቱንም አቋርጦ ወጣ (ጨርሶ የተመረቀው በ1971 ነው፣ ያኔ የምክር ቤት አባል ሆኖ)።

በ1965 ፍርድ ቤቶች የምርጫ ክልሎች በሕዝብ ብዛት ይከፈሉ ብለው ስላስገደዱ አትላንታ ውስጥ አዲስ ወንበሮች ተፈጠሩ። ቦንድ 25 ዓመቱ ነው። ቤት ለቤት እየዞረ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ከምርጫ ቃሎቹ መካከል በሰዓት የሁለት ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ አለ፤ ያኔ የፌዴራሉ 1.25 ነበር። የሞት ቅጣት ይቅር የሚልም አለ። 82 በመቶ ድምፅ አገኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ጉዱ። በጃንዋሪ 3፣ 1966 ሳሚ ያንግ የሚባል ተማሪ፣ የባሕር ኃይል አባል የነበረ ልጅ፣ አላባማ ታስኬጊ ውስጥ የነጮችን መጸዳጃ ቤት ልጠቀም ብሎ በጥይት ተገደለ። ስኒክ ከሦስት ቀን በኋላ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም መግለጫ አወጣ። መግለጫውን ቦንድ አልጻፈውም። ጋዜጠኛ ደወለና ትደግፈዋለህ? አለው። አዎ አለ። ኩዌከሮቹ ትዝ አሏችሁ? ይኼው ነው። በጃንዋሪ 10 ሊምል ምክር ቤት ሲሄድ ጸሐፊው አላስምልህም አለው። የዚያኑ ቀን 184 ለ12 በሆነ ድምፅ አይግባ ተባለ።

ለባዶው ወንበር ድጋሚ ምርጫ ተጠራ፤ ተወዳደረ፤ አሸነፈ። ያልከውን ካላጠፍክ አትገባም አሉት። አላጥፍም አለ። በኖቬምበር መደበኛው ምርጫ መጣ፤ ደግሞ አሸነፈ። ለአንድ ወንበር ሦስት ጊዜ ማለት ነው። በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 5፣ 1966 ያለ አንድ ተቃውሞ ፈረደለት።

ጥያቄዬ ታዲያ፦ እንዲህ ታግሎ ያገኘውን ወንበር ምን ሠራበት? ሃያ ዓመት ብዙ ነው። እኔ ብዙ ሠርቶበታል ባይ ነኝ፤ ግን ሰው ሁሉ ሉዊስን እንጂ እሱን አያስታውስም። ለምን?


ታዛቢ77

መልሱ አጭር ነው ወንድሜ። ሰውዬው ቆንጆ ነበር፣ አፈ ጣፋጭ ነበር፣ ቴሌቪዥን ይወደው ነበር። በ1977 ቅዳሜ ማታ የሚተላለፈውን የቀልድ ፕሮግራም ሁሉ አቅርቧል። የስቴት ምክር ቤት ሥራ ግን የቆንጆ ሥራ አይደለም። ኮሚቴ ውስጥ አምስት ሰዓት መቀመጥ ነው። የሰውን ልጅ ቀብር መሄድ ነው። ለአንዱ ድልድይ ድምፅ ሰጥተህ ለራስህ ክሊኒክ ድምፅ መቀበል ነው። ቦንድ ለዚህ ትዕግስት አልነበረውም የሚሉ ብዙ ናቸው። በሳምንቱ መጨረሻ ኮሌጅ ለኮሌጅ እየዞረ ንግግር ያደርግ ነበር።


መንገደኛው

ታዛቢ፣ የሚተዳደረው በዚያ ንግግር እኮ ነው። የስቴት ምክር ቤት ደመወዝ ቤተሰብ ያኖራል እንዴ? አምስት ልጅ ነበረው።


ልጅ_ቢኒ

ቆይ፣ አሜሪካ ውስጥ የምክር ቤት አባል ሆኖ ደመወዝ አይበቃም ነው የምትሉኝ? 😂 ስንት ነው?


የዲኬተሯ

ቢኒ፣ እንደ ስቴቱ ነው። ኒው ሃምፕሻየር 400 ተወካይ አላት፤ ክፍያቸው በዓመት 100 ዶላር። በዓመት ነው ያልኩት፣ በቀን እንዳታነበው። ቴክሳስ በወር 600 ዶላርና በስብሰባ ቀን አበል፤ እነሱ ደግሞ የሚሰበሰቡት በሁለት ዓመት አንዴ፣ 140 ቀን ብቻ ነው። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ግን የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው፣ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላሉ። ነብራስካ ደግሞ ሁለት ምክር ቤት አያስፈልገንም ብላ በአንድ ቤት፣ በ49 ሰው ትተዳደራለች።

የኛዋ ጆርጂያ 180 ተወካይና 56 ሴናተር አላት። በዓመት 40 የስብሰባ ቀን ነው ያላቸው፤ በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ይጀምራሉ። ስለዚህ አብዛኛው ሌላ ሥራ አለው። ጠበቃ፣ ገበሬ፣ ኢንሹራንስ ሻጭ፣ ቀብር አስፈጻሚ። ደመወዝተኛ ሰው ግን እንዴት ብሎ ከሥራው ሦስት ወር ይጠፋል? ጡረተኛ ወይም የራሱ ቢዝነስ ያለው ነው የሚገባው።

አንድ ቀን ለአንድ የሕጻናት ማቆያ ጉዳይ ከሰፈር ሰዎች ጋር ካፒቶል ሄጄ ነበር። ጉልላቱ ላይ ያለው ወርቅ እውነተኛ ወርቅ ነው፣ ከዳሎኔጋ የወጣ። ከላይ ከሰገነቱ ቁጭ ብዬ ሳይ ታች ማንም ማንንም አያዳምጥም። አንዱ መድረክ ላይ ይናገራል፣ ሌላው ሳንድዊች ይበላል፣ ሌላው የሰፈሩን ተማሪዎች ፎቶ ያስነሳል። ከዚያ ደወል ጮኸ። ሁሉም ወደ ወንበሩ ሮጠ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አረንጓዴና ቀይ ሆነ። የእኛ ጉዳይ በዚያች ደቂቃ አለፈ። እኔ አጠገቤ ያለችውን ሴትዮ አለቀ እንዴ? ብዬ ጠየቅኋት፣ አለቀ አለችኝ። ለካ ዋናው ሥራ ከዚያ በፊት ኮሪደሩ ላይ አልቋል።

ቦንድ በ1967 የገባው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ አይግባ ካሉት ሰዎች መካከል። አስቡት። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ባለፈው ዓመት ከቤት ያስወጣህ ነው። ነገ ሕግህን ይደግፍልህ ዘንድ እሱን ቡና እንጠጣ ማለት አለብህ።


ጠበቃ_ነኝ_አትፍሩኝ

የሕጉን ነገር ልጨምር፣ ደስ ስለሚለኝ።

መዝገቡ «ቦንድ እና ፍሎይድ» ይባላል። ከጠበቆቹ አንዱ ሃዋርድ ሙር የእህቱ ባል ነው (ዘመድ ለክፉ ቀን ይሏል)። መጀመሪያ ሦስት ዳኞች ያሉት የፌዴራል ችሎት አየው፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፈ። ከፈረዱበት አንዱ ግሪፈን ቤል ነው፣ በኋላ በካርተር ዘመን የፍትሕ ሚኒስትር የሆነው። የተቃወመው ኤልበርት ተትል ነው።

የስቴቱ ክርክር ብልጥ ነበር። ስለተናገረ አይደለም የከለከልነው አሉ፤ ሕገ መንግሥቱን እደግፋለሁ ብሎ ሲምል ከልቡ አይደለም ብለን ነው። አያችሁ ነገሩን? መሐላው ራሱ ችግር የለበትም፣ ቦንድም ልማል ብሎ ቆሟል። እነሱ ግን ልቡን መርምረናል ነው የሚሉት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለም። ብዙኃኑ የአንዱን ሰው መሐላ እውነት ነው ሐሰት ነው ብሎ የመመዘን ሥልጣን ካገኘ የማይወደውን ሁሉ በዚያ በር ያስወጣል አለ። ፍርዱን የጻፈው ዋናው ዳኛ ኧርል ዋረን ነው። የሕግ አውጪ አባል እንዲያውም በፖሊሲ ጉዳይ ሰፊ የመናገር ነፃነት ሊኖረው ይገባል፣ የመረጡት ሰዎች አቋሙን ማወቅ አለባቸውና ብሎ ደመደመ።

አንድ ነገር ደግሞ። ቦንድ የውትድርና ጥሪ ካርድ አቃጥሉ አላለም። የራሱንም አላቃጠለም። ጦርነቱን በመቃወም ያቃጠሉትን ልጆች ድፍረት አደንቃለሁ ነው ያለው፣ መዘዙን እያወቁ ስላደረጉት። በሕግ ቋንቋ ይህ ልዩነት ሰማይና ምድር ነው።


ልጅ_ቢኒ

ስለዚህ አሁን የምክር ቤት አባልን በንግግሩ ማባረር አይቻልም ማለት ነው?


ጠበቃ_ነኝ_አትፍሩኝ

ቀላል አይደለም። አለመቀበልና ማባረር ደግሞ ይለያያሉ። በ2023 ቴነሲ ውስጥ የሆነውን ታስታውሳለህ? ጀስቲን ጆንስና ጀስቲን ፒርሰን፣ ሁለቱም ወጣት ጥቁር ተወካዮች። ናሽቪል ትምህርት ቤት ውስጥ ሰዎች በጥይት ከተገደሉ በኋላ ምክር ቤቱ መድረክ ላይ ወጥተው በድምፅ ማጉያ ተቃውሞ መሩ። ኤፕሪል 6 ቀን ተባረሩ። አብራቸው የነበረችው ነጭ ሴት በአንድ ድምፅ ተረፈች። የየአካባቢያቸው ምክር ቤቶች ግን ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱንም መልሰው ሾሟቸው፤ በኋላም ተወዳድረው አሸነፉ። ያኔ የቦንድን ስም ያነሱ ብዙ ነበሩ።


ታዛቢ77

እሺ ጠበቃው፣ ጥሩ ነው። ግን ይህ ሁሉ የ1966 ታሪክ ነው። የእኔ ጥያቄ ያው ነው፤ ከገባ በኋላስ?


መንገደኛው

ከገባ በኋላ ያለው ነው የማይወራው። መጀመሪያ የገባበትን ቀን ተመልከት። ጃንዋሪ 9፣ 1967 ማለ። በማግስቱ ያው ምክር ቤት ሌስተር ማዶክስን ገዥ አድርጎ መረጠ፤ በሕዝብ ምርጫ ማንም ግማሹን ስላላገኘ ውሳኔው ወደነሱ መጥቶ ነበር። ማዶክስ ማለት ጥቁር ደንበኛ ምግብ ቤቴ አይገባም ብሎ በመጥረቢያ እጀታ ያባረረው ሰውዬ ነው። ይሄ ነው እንግዲህ የሥራ መጀመሪያው።

በሃያ ዓመት ውስጥ በራሱ ስም ያቀረባቸውና አብሮ የፈረመባቸው ከ60 በላይ ረቂቆች ሕግ ሆነዋል። ከነሱ መካከል ሲክል ሴል ለሚባለው የደም በሽታ ምርመራ ፕሮግራም አለ፤ በዋናነት ጥቁሮችን የሚያጠቃ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው በሽታ ነበር። አነስተኛ ገቢ ላላቸው ዝቅተኛ ወለድ ያለው የቤት ብድርም አለ። ርዕሰ ዜና የሚሆን ነገር አይደለም። ግን በዚያ ብድር ቤት የገዛ ሰው አለ፤ ልጁ ሳይታመም በፊት የተመረመረለት ሰው አለ።

በቴሌቪዥን የታየው ደግሞ ሌላ ነው። በ1968 ቺካጎ ላይ በዴሞክራቶች ጉባኤ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ዕጩ አድርገው ስሙን ጠሩት። ተነስቶ ዕድሜዬ አይፈቅድም ብሎ ስሙን አስወጣ። 28 ዓመቱ ነበር፣ ሕጉ 35 ይላል። በ1971 ደግሞ ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የሚባለው የመብት ጠበቆች ድርጅት ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1975 ከተወካዮች ምክር ቤት ወደ ስቴቱ ሴኔት ተሻገረ።


የዲኬተሯ

ካርታውን ዘለልከው እኮ መንገደኛ! ዋናው እሱ ነው።


መንገደኛው

ለአንቺ ትቼልሽ ነው 🙂


የዲኬተሯ

እሺ። ከ1980 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ የኮንግረስ የምርጫ ክልሎች እንደገና ይከፈላሉ። ይህን የሚከፍለው ማን ነው? የስቴት ምክር ቤቱ። ስለዚህ ነው ሁሌ ሰው ፕሬዚዳንት ምርጫ ላይ ብቻ ተሰልፎ የስቴት ተወካዩን ስም ሳያውቅ ሲቀር የሚያበሳጨኝ። ብዕሩን የያዙት እነሱ ናቸው!

ቦንድ ሴናተር ሆኖ አትላንታ ላይ ጥቁሮች በግልጽ አብላጫ የሚሆኑበት አምስተኛ ክልል ይሠራ ብሎ ታገለ። ሌሎቹ የጥቁሩን ሰፈር ሰንጥቀው የሚያዳክም ካርታ አወጡ። በዚያን ጊዜ ጆርጂያ የምርጫ ሕግ ስትለውጥ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር፤ ተከለከለች፣ ወደ ፍርድ ቤት ሄደች፣ በ1982 ተሸነፈች። ፍርዱ ላይ ዳኞቹ የተወካዮች ምክር ቤቱን የካርታ ኮሚቴ ሰብሳቢ በስም ጠርተው ዘረኛ ነው ብለው ጻፉ። እንደ ፍሬ ነገር ግኝት! እንዲህ ያለ ፍርድ አንብቤ አላውቅም። ካርታው እንደገና ተሠራ፣ ጥቁሮች አብላጫ ሆኑ።

በ1986 ያን ወንበር ይዞ የነበረው ዋይች ፋውለር ለፌዴራል ሴኔት ሊወዳደር ለቀቀ። እና ማን ተወዳደረ? ቦንድ። ራሱ በታገለለት ክልል። ማን ገጠመው? የድሮ የስኒክ ጓደኛው ጆን ሉዊስ።


ቡና_ሱስ

እኔ ይህን ክፍል ሳነብ ሁሌ ሆዴን ያመኛል። አብረው የታሰሩ፣ አብረው የተደበደቡ ልጆች።


ታዛቢ77

ቡና ሱስ፣ ቦንድ የተደበደበው ከሉዊስ ያነሰ ነው። ሉዊስ ጭንቅላቱ ተሰብሯል። ከሁለቱ ማን የሥራ ፈረስ ማን የሰልፍ ፈረስ እንደሆነ ራሱ ሉዊስ በዘመቻው ተናግሯል። እኔ የሥራ ፈረስ ነኝ አለ። ጭካኔ ነው ግን እውነት ነበረበት።


መንገደኛው

እውነት? ከ60 በላይ ሕግ ያወጣ ሰው እንዴት የሰልፍ ፈረስ ይሆናል? ታዛቢ፣ አንተ ቆንጆ ሰው ሥራ አይሠራም የሚል በሽታ አለብህ።


ታዛቢ77

😂 እኔ መልከ ጥፉ ስለሆንኩ ነው።

አይ፣ ግን ቁም ነገሩን ስሙኝ። በመጀመሪያው ዙር ቦንድ 47 በመቶ አካባቢ አገኘ። ሉዊስ 35። ጨዋታው አልቋል ነበር የተባለው። ሁለተኛው ዙር ላይ ሉዊስ 52 ለ48 ገለበጠው። ለምን? ቦንድ እንደ አሸናፊ ተቀመጠ፣ ሉዊስ ሌሊት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እጅ ይጨብጥ ነበር። የስቴት ምክር ቤት ሰው አንድ ጉድለት አለው፤ ለሃያ ዓመት ያው ትንሽ ክልል ሲመርጠው ሌላ ቦታ መለመን ይረሳል።


የዲኬተሯ

ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፦ የጥቁሩን ድምፅ አብዛኛውን ያገኘው ቦንድ ነው። ሉዊስ ያሸነፈው በነጮቹ ሰፈር ነው። ጥቁሮች ወኪላቸውን ይምረጡ ተብሎ ለዓመታት የታገሉበት ካርታ ላይ ነጮቹ ወሰኑት። ሉዊስ መጥፎ ሰው ነው እያልኩ አይደለም፣ ነፍሱን ይማር። ግን የቦንድን ሌሊት አስቡት።

ደግሞ በምርጫ ክርክሩ ላይ ሉዊስ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ አብረን እናድርግ ብሎ ሲፈታተነው ቦንድ እምቢ አለ፤ መርህ ነው ብሎ። ለጓደኛ እንዲህ ይባላል? ለዓመታት ተኮራርፈው ነው የኖሩት።


የድሮው_ታክሲ_ነጂ

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ። እኔ ብዙ አልጽፍም፣ ፊደሉ ስልኬ ላይ ያስቸግረኛል። በ1986 አትላንታ ነበርኩ። ታክሲ እነዳ ነበር። ያን ክረምት ሙቀቱ አይጣል ነው። ሰሜን ምዕራብ በኩል አንድ መንገድ አለ፣ ግራና ቀኙ የጥቁሮች ቤት ነው። በግራ በኩል ያለው ቤት ደጃፍ የቦንድ ምልክት፣ በቀኙ የሉዊስ። አንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለቱም ነበረ። ባልና ሚስት ናቸው። ባልየውን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሆስፒታል አደርሰው ነበር፣ ለኩላሊት እጥበት። እሱ ቦንድ ነው። ከእሷ ጋር አንነጋገርም ይለኝ ነበር፣ እየሳቀ። ቦንድ በጎረምሳነቱ የዚያን ሰፈር በር ሁሉ አንኳኩቷል አለኝ። ለእሱም እናቱ ውኃ ሰጥታዋለች። ለዚያ ውኃ ስል ነው የምመርጠው አለኝ።

ስለዚህ ታዛቢ ልጄ፣ ቤት ለቤት ያልሄደ ሰው አይደለም። ሄዷል። በ65።


ታዛቢ77

ጋሼ፣ ተረታሁ። ለእርስዎ ክብር ስል ብቻ ነው ግን 🙏


መንገደኛው

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። የክሩ ምርጥ ይሄ ነው።

ታዛቢ ካነሳው አንድ ነገር ግን አልለቅም። ቦንድ ለኮንግረስ ሲወዳደር የስቴት ሴናተርነቱን መተው ነበረበት፤ ሁለቱንም መያዝ አይቻልም። ስለዚህ በዚያች በአራት ነጥብ ልዩነት ሁለቱንም አጣ። 47 ዓመት ሳይሞላው ሥራ ፈት። በዚያ ላይ ሃያ ዓመት የሠራበት ቤት ትናንሽ ነገሮችን ነው የሰጠው፤ ኮሚቴ፣ ማሻሻያ፣ ካርታ። እንደ ድልድይ ፎቶ አይነሳም። ለእኔ ለምን ተረሳ ለሚለው መልሱ ይኼ ይመስለኛል እንጂ ፊቱ አይደለም።

በኋላማ ተነስቷል። በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲና በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ከ1998 እስከ 2010 ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የሚባለው የጥቁሮች መብት ድርጅት ቦርድ ሰብሳቢ ነበር። በ2013፣ በ73 ዓመቱ፣ በነዳጅ ቧንቧ ተቃውሞ ዋይት ሃውስ ደጅ ታስሯል። ያ የካፍቴሪያው ልጅ ነው እንግዲህ።


ቡና_ሱስ

ሲሞት ቤተሰቡ ያደረገውን አንብቤ ነበር። ኦገስት 2015 ነው። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተበተነ። ሕዝቡን ደግሞ እኛ በምንበትንበት ሰዓት በያላችሁበት ወደ ውኃ ሂዱና የአበባ ቅጠል ጣሉልን አሉ። ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ያገኛችሁት። ሰው ወጥቶ ጣለ። ሐውልት ከማቆም ይሻላል መሰለኝ።


ልጅ_ቢኒ

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ከእኛ ሰዎች የስቴት ምክር ቤት የገባ አለ?


የዲኬተሯ

አለ እንጂ። ሳምራ ብሩክ በ2020 የኒው ዮርክ ስቴት ሴኔት ተመርጣለች፣ ሮቸስተር አካባቢ። አባቷ ኢትዮጵያዊ ነው። እና ቢኒ፣ ዜግነት ካለህ መጀመሪያ የራስህን የስቴት ተወካይ ስም ፈልግና እዚህ ጻፍልን። ፈተና ነው።


ልጅ_ቢኒ

...አላውቀውም 😬 ፈልጌ መጣሁ።

(ከአሥር ደቂቃ በኋላ) አገኘሁት። ሰውዬው ለካ ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ ነው የሚኖረው። ጎማ ቤት አለው። ጎማ አስቀይሬ አውቃለሁ እኮ!


ታዛቢ77

ቅናሽ አድርጎልህ ነበር?


ልጅ_ቢኒ

አላደረገም።


መንገደኛው

ጋሼ፣ ሳልጠይቅዎ አልተኛም። በ86 እርስዎ የማን ነበሩ?


የድሮው_ታክሲ_ነጂ

ያኔ ዜግነት የለኝም ልጄ፣ የማንም አይደለሁም። ግን ታክሲዬ ላይ የሁለቱንም ለጥፌ ነበር። ከፊት መስታወት ላይ የሉዊስ፣ ከኋላ የቦንድ። ታክሲ ሲፈልግ ቆሞ የሚጠብቀው የሚያየው የፊቱን ነው። ወርዶ ከፍሎ ሲሄድ ደግሞ የኋላውን ያያል። አንድ ሰው ብቻ ጉርሻውን መልሶ ወሰደብኝ።